ሁለት ቀን በፍሎረንስ፦ ለማየት ብቻ መሄድ ተገቢ ነውን?



ከጥቂት ወራት በፊት አንዲት የቁምስናችን ልጅ ከሮማ ደብዳቤ ጻፈችልኝ። ጣልያኖች ባዳንቴ በሚሉት ሥራ ተሰማርታ አንዲት አረጋዊት ሴት በመንከባከብ ስትኖር ስድስት ዓመት ሆኗታል። አሠሪዎቿ የሁለት ቀን ዕረፍት ስለፈቀዱላት ከአንዲት የሥራ ጓደኛዋ ጋር ፍሎረንስን ለማየት አስባለች። «አባ፣ እርስዎ በዚያ ሀገር ተምረዋልና ምን ምን ብናይ ይሻላል ይላሉ?» ብላ ከጠየቀች በኋላ፣ በደብዳቤው ግርጌ ይህን ጨመረች፤ «ነገር ግን የወንድሜን የትምህርት ክፍያ ሳስብ፣ ለማየት ብቻ ገንዘብ አውጥቼ ባቡር መሳፈሬ ኃጢአት ይመስለኛል።»

የመጀመሪያውን ጥያቄ ለመመለስ ግማሽ ሰዓት ይበቃኝ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ሳምንት ሙሉ አብሮኝ ሰነበተ። ብዙዎቻችሁ በልዩ ልዩ መልክ የምታቀርቡልኝ ጥያቄ ነውና። ሠርግ ሲደገስ፣ የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲታደስ፣ ልጆችን ይዞ ወደ ላንጋኖ ሲኬድ «ይህ ገንዘብ ለድሀ ቢሰጥ አይሻልም ነበርን?» የሚል ድምፅ ይነሣል። ድምፁ ቅን ሊሆን ይችላል። ሆኖም በቢታንያ ሽቱው በፈሰሰ ጊዜ ይህንኑ የመሰለ ቃል የተናገረው ማን እንደነበረ፣ ለድሆችም አስቦ እንዳልተናገረው ወንጌላዊው ዮሐንስ እንደመሰከረ ልናስታውስ ይገባል።

በዘርአ ክህነት ሳለን ቅዱስ ቶማስ ዘአኩዊኖ ስለ ዕረፍት የጻፈውን ስናነብ ጥቂት ተገርመን ነበር። ነፍስም እንደ ሥጋ ትደክማለች፤ ዘወትር የተወጠረ ደጋን እንደሚሰበር ሁሉ ዕረፍት የሌላት ነፍስም ትሰበራለች፤ ስለሆነም በልክ የሆነ መዝናናት የምግባር ክፍል ነው ይላል። ነገር ግን ይኸው መምህር ከዚህ ትምህርት በፊት ባለው ክፍል፣ ያለ ሥርዓት ለማወቅና ለማየት መጎምጀት ነፍስን እንደሚያባክን ያስጠነቅቃል። ሁለቱን አንድ ላይ ስናነብባቸው ጥያቄው መሄድ ይገባልን ከሚለው ብቻ አልፎ እንዴት እናያለን ወደሚለው ይሻገራል።

ስለ ገንዘቡ የመለስኩላት አጭር ነበር። የወንድምሽ ክፍያ ቀኑ ደርሶ ካልተከፈለ፣ ቃል ገብተሽለታልና እርሱ ይቅደም፤ ይህ የፍትሕ ጉዳይ ነው። ከተከፈለ ግን የቀረው ያንቺ ድካም ዋጋ ነው፤ በእርሱ ብታርፊበት ከማንም አልሰረቅሽም። እዚህ ላይ ለእኛ ለተቀባዮቹም አንድ ነገር መናገር እወዳለሁ። ከሮማ፣ ከቤይሩት ወይም ከዱባይ የሚላክልንን ገንዘብ ስንቆጥር፣ የላከችው እኅታችን በዚያ ወር አንድ ቀን አርፋ እንደሆነ የጠየቅን ስንቶቻችን ነን? ወንድሟም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

አሁን ወደ ማየቱ ልመለስ፤ በዚህ በኩል እኔ ራሴ በዳይ ነኝና። ከሃያ ዓመት በፊት ሮማ ተማሪ ሳለሁ ከአንድ ባልንጀራዬ ጋር ለሁለት ቀን ወደ ፍሎረንስ ሄጄ ነበር። የምናያቸውን ዐሥራ አራት ቦታዎች በወረቀት ጽፌ ይዣለሁ። በመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ የባልንጀራዬ እግር አብጦ መራመድ አቃተው። እኔም በቅዱስ መስቀል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ በድንጋይ መቀመጫ ላይ ትቼው የቀሩትን አምስት ቦታዎች ለማየት ሮጥኩ። ሁሉንም አየሁ፤ በወረቀቴም ላይ ምልክት አደረግሁ። ዛሬ ከአምስቱ የማስታውሰው ሁለቱን ነው፤ እነርሱንም ቢሆን ከፖስት ካርድ ለይቼ አይደለም። ባልንጀራዬ ግን አጠገቡ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ሲጨዋወት ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. ኅዳር 4 ቀን 1966 የአርኖ ወንዝ ከተማይቱን ሲያጥለቀልቅ በዚያ ሰፈር ውኃው አንዳንድ ቦታ ወደ አምስት ሜትር እንደተጠጋ፣ የቺማቡዌ ታላቅ የመስቀል ሥዕል አብዛኛው ቀለሙ እንደተራገፈ፣ ከየሀገሩ የመጡ ወጣቶች መጻሕፍቱን ከጭቃ እንዳወጡና ሕዝቡም የጭቃ መላእክት ብሎ እንደጠራቸው ነግረውታል። ውኃው የደረሰበትን ከፍታ የሚያመለክቱ ጽላቶች በየግድግዳው ላይ አሉ፤ እኔ በሥራቸው እየሮጥኩ አልፌ አንዱንም አላየሁም።

ባልንጀራዬ አልተቀየመኝም። ስመለስ «ጨረስክ?» ብቻ ነው ያለኝ። ያ ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ስለዚህ ለልጃችን ያዘጋጀሁት ዕቅድ አጭር ነው። አስቀድሜ የጻፍኩት የቅዱስ ማርቆስን ገዳም ነው። ኮሲሞ ዴ ሜዲቺ የተባለው ባለ ባንክ በገንዘቡ አሳደሰው፤ በ1430ዎቹ መጨረሻና በ1440ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የዶሚኒካን መነኩሴው ፍራ አንጀሊኮ ከረዳቶቹ ጋር ሆኖ የወንድሞቹን ክፍሎች በሥዕል አስጌጠ። (ያ የባንክ ገንዘብ ሁሉ በንጹሕ መንገድ የተገኘ ነበርን የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ኮሲሞ ራሱም ሳይጨነቅበት አልቀረም ይባላል።) ከአርባ የሚበልጡ ትንንሽ ክፍሎች አሉ። በየክፍሉ አንድ መስኮት፣ አንድ ሥዕል። እንግዲህ አስቡት፤ አንድ መነኩሴ ዕድሜውን ሙሉ ከአንድ ሥዕል ጋር ይኖር ነበር፤ ጐብኚ ግን አርባውን በግማሽ ሰዓት ጨርሶ ይወጣል። ማናችን አየን እንበል? በደረጃው ራስ ላይ ያለው የብሥራት ሥዕል ግርጌ፣ በዚያ የሚያልፍ ሁሉ የመልአኩን ሰላምታ ሳያደርስ እንዳያልፍ የሚያሳስብ የላቲን ጽሑፍ አለ። ሥዕሉ ተመልካቹን ያስቆመዋል። ስለዚህ «አንዲት ክፍል ምረጡና በውስጧ ቆዩ፤ የቀሩትን ብታልፏቸው አይቀየሟችሁም» ብዬ ጻፍኩላት።

ሁለተኛው የኢኖቼንቲ የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። ብሩኔሌስኪ ነድፎት በ1419 በሐር ነጋዴዎች ማኅበር ወጪ ተጀመረ፤ የመጀመሪያዋ ሕፃን የገባችው በየካቲት 1445 ነው። እናቶች ሊያሳድጓቸው ያልቻሉትን ልጆች እዚያ ያኖሩ ነበር፤ ሕፃናት ይቀመጡበት የነበረው መስኮት የተዘጋው በ1875 ነው። አንዳንዶቹ እናቶች ምናልባት አንድ ቀን ተመልሰው ልጃቸውን ይለዩበት ዘንድ ግማሽ ሳንቲም፣ የተቆረጠ ሜዳልያ ወይም ዶቃ ከልጁ ጋር ያኖሩ ነበር። እነዚያ ምልክቶች ዛሬ በሙዚየሙ ውስጥ በትንንሽ መሳቢያዎች፣ የየልጁ ስም ተጽፎባቸው ይታያሉ። የካቴድራሉን ጉልላት የሠራው ይኸው ብሩኔሌስኪ መሆኑን አብዛኛው ጐብኚ ያውቃል፤ ጉልላቱን ለመውጣት 463 ደረጃ ሲወጣ ይህን ቤት ግን ያልፈዋል።

ጉልላቱ በ1436 ተፈጸመ። ከአምስት ዓመት በኋላ በ1441 ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም የተላኩ መነኮሳት በጉባኤው ምክንያት ወደዚህች ከተማ መጥተው በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኤውጄንዮስ 4ኛ ፊት ቆመዋል፤ ስለዚህ ልጃችን ቀና ብላ ስታየው ያንን ጉልላት ያየች የመጀመሪያይቱ ሐበሻ አትሆንም። ከውጭ ማየቱ ዋጋ አይከፈልበትም።

ኡፊዚን አላስገባሁም። የሚቃወሙኝ ይኖራሉ፤ በሁለት ቀን ውስጥ ግን ለቦቲቼሊ ሲባል ጓደኛን በወንበር ላይ ትቶ መሮጥ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ማደሪያም ቢሆን በመሐል ከተማ የሚከራይ አፓርታማ ከመፈለግ ይልቅ የመነኮሳት የእንግዳ ቤት እንድትጠይቅ መከርኳት። የከተማይቱ ማዘጋጃ ቤት በ2023 በታሪካዊው ክፍል አዲስ የአጭር ጊዜ ኪራይ ቤት እንዳይከፈት የወሰነው፣ ነዋሪው ለጐብኚ ቦታ እየለቀቀ ከሰፈሩ በመውጣቱ ነው። ጐብኚ ሁሉ እንግዳ ነውና ባለቤቱን ከቤቱ እንዳያስወጣ ማሰብ አለበት። የሁለተኛውን ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ባዶ ተውኩት።

መልሷ ከወር በኋላ መጣ። የወንድሟን ክፍያ አስቀድማ ልካለች። በቅዱስ ማርቆስ ገዳም አንዲት ክፍል መርጠው እንደቆዩ፣ የጥበቃ ሠራተኛዋም ሁለት ጊዜ ደኅና መሆናቸውን እንደጠየቀቻቸው ጽፋለች። ኢኖቼንቲ ሲደርሱ ግን ጓደኛዋ ከመሳቢያዎቹ ፊት አልንቀሳቀስ አለች። ስድስት ዓመት አብረው ሲሠሩ ያልነገረቻትን፣ በሀገሯ ለእናቷ ትታው የመጣችው ልጅ እንዳላት፣ ስትለየው አራት ዓመቱ እንደነበረ የነገረቻት በዚያ ሰዓት ነው። ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ አልሄዱም፤ በአደባባዩ ደረጃ ላይ ተቀምጠው መሸባቸው።