ድምፅ አጥር የለውም
ሰው ቤቱን ሲያስጌጥ የሚያደርገው ምርጫ በአብዛኛው የራሱ ጉዳይ ነው። የግድግዳው ቀለም ወይም የመጋረጃው ዓይነት ያላስደሰተው ጎረቤት ዓይኑን መልሶ ማለፍ ይችላል። ጆሮ ግን ክዳን የለውም። በታዛው ወይም በጓሮው ዛፍ ላይ ድምፅ የሚሰጥ ጌጥ የሚሰቅል ሰው ለራሱ ብቻ ሳይሆን ለሰፈሩ ሁሉ መረጠ ማለት ነው። ስለሆነም ነፋስ እየነካው የሚያቃጭለው ጌጥ፣ ማለትም የነፋስ ቃጭል፣ የሥነ ውበት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ የሥነ ምግባር ጥያቄም ይሆናል።

የነፋስ ቃጭል ለኢትዮጵያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ጉልላት ላይ ነፋስ ሲነካቸው የሚያቃጭሉ ትንንሽ ብረቶች ይንጠለጠላሉ። በሌላውም ዓለም ታሪኩ ረዥም ነው። የጥንት ሮማውያን ክፉ ነገርን ያርቅልናል ብለው በደጃፋቸው የነሐስ ቃጭል ይሰቅሉ ነበር፤ ቻይናውያን በፓጎዳዎቻቸው ጣራ ማዕዘኖች፣ ጃፓኖች ደግሞ በበጋ ሙቀት በመስኮታቸው ላይ ይሰቅላሉ። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ቃጭሉ አንድ የታወቀ ቦታና አንድ የታወቀ ትርጉም አለው።

በ2014 ዓ.ም. በተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል፣ በሚዛን ተፈሪና በቴፒ የቡና አገር ስንመለከተው ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል። በዚህ አገር ድምፅ ሥራ አለው። ከወደ ጓዳ የሙቀጫ ድምፅ ሲሰማ ቡና እየተወቀጠ መሆኑን ጎረቤት ያውቃል። በእርሻ ዳር ከተሠራው ማማ ላይ የሚሰማው ጩኸት ዝንጀሮ ወደ በቆሎው መግባቱን ይናገራል። በማለዳ የሚነፋው የእድር ጡሩምባ ሰው መሞቱን ያስታውቃል። ሰው ለእነዚህ ድምፆች ጆሮውን የሚሰጠው አንዳች ነገር ስለሚነግሩት ነው። የነፋስ ቃጭል ግን ነፋስ መንፈሱን ከመናገር በቀር ሌላ መልእክት የለውም። ታዲያ መልእክት የሌለው ድምፅ መልእክት ካላቸው ድምፆች መካከል የመግባት መብት አለውን?

ለዚህ ጥያቄ ሁለት የተሳሳቱ መልሶች ይሰጣሉ። አንደኛው «ግቢው የግሌ ነው፤ የወደድሁትን እሰቅላለሁ» የሚለው ነው። ይህ አባባል መሬትንና ድምፅን አንድ አድርጎ ይመለከታል። መሬት ይታጠራል፤ ድምፅ ግን አይታጠርም። ሁለተኛው «ሥራ የሌለው ድምፅ ሁሉ ቅንጦት ነውና ይቅር» የሚለው ነው። ይህም የሰውን ኑሮ ያጎድላል። የወፍ ዝማሬም ሆነ የጅረት ድምፅ ለሰው ተብሎ የተላከ መልእክት የለውም፤ ሆኖም የደከመ መንፈስን ያሳርፋል። ጥፋቱ ከውበቱ አይደለም፤ ጥፋቱ አንዱ ድምፅ ሌላውን ሲሸፍን ነው።

እንግዲህ ተገቢው ቃጭል ሳይሸፍን የሚሰማው ነው። ይህ የሞራል መለኪያ ወደ ዕቃው ሲመለስ ግልጽ የሆነ መመሪያ ይሰጣል። በመጀመሪያ የሚሠራበት ነገር ይታሰብ። ወፍራም የብረት ቧንቧ ድምፁ ሩቅ ይሄዳል፣ ቶሎም አይጠፋም፤ በዚህ ዝናባማ አገርም ይዝጋል። በማሻና በአንደራቻ ደጋ የሚበቅለው ቀርቀሃ ግን በደንብ ከደረቀ ድምፁ አጭርና ለስላሳ ነው፤ ከአጥሩ ብዙም ሳይርቅ ይሞታል። ቡና በዋንዛ ጥላ ሥር በሚበቅልበት ግቢ ነፋሱ ዝግ ያለ ስለሆነም ቀላል ዕቃ ይሻላል።

ቀጥሎ የድምፆቹ ስምምነት ነው። ነፋስ የትኛውን ዘንግ ከየትኛው ጋር እንደሚያጋጭ አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የትኞቹም ሁለት ድምፆች ቢገናኙ የማይቃረኑበት ቅኝት ያስፈልጋል። በአንቺ ሆዬ አንዳንድ ድምፆች እጅግ ተጠጋግተው ስለሚቆሙ አብረው ሲመቱ ይፋተጋሉ፤ ድምፆቹ ተራርቀው የሚቆሙበት የትዝታ ሙሉ ቅኝት ግን ለዚህ ይመቻል። በደራሼ የፊላ ጨዋታ እያንዳንዱ ነፊ የያዘውን ድምፅ በተራው እየሰጠ ዜማው የሁሉም ሆኖ ይወጣል፤ ጥሩ ቃጭልም የዚህ ስምምነት ትንሽ አምሳያ ነው። የብረት ዘንግ የሚጠቀም ባለሙያ ደግሞ ዘንጉን ከጫፉ የርዝመቱን 22 በመቶ ያህል ገባ ብሎ ማንጠልጠል ይገባዋል፤ ለ50 ሳንቲ ሜትር ዘንግ 11 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ዘንጉ ሲርገበገብ ያ ነጥብ ስለማይንቀሳቀስ ገመዱ ድምፁን አያፍነውም።

ይሁን እንጂ ከዕቃውም ከቅኝቱም የሚበልጥ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም አሰቃቀሉ ነው። በሚስማር የተቸነከረ ቃጭል የባለቤቱን ፈቃድ ብቻ ያውቃል። በሜንጦ ላይ የተንጠለጠለ ቃጭል ግን ይወርዳል። ማለዳ የእድር ጡሩምባ ተነፍቶ በጎረቤት ደጅ የለቅሶ ድንኳን ሲተከል፣ ወይም በግድግዳው ማዶ አራስና ሕመምተኛ ሲተኙ፣ ነፋሱ አያዝንም፣ አያስተውልምም። ለነፋስ የጎደለውን ማስተዋል ሊሞላ የሚችለው ቃጭሉን የሰቀለው ሰው ብቻ ነው።

እንግዲህ ለቤት የሚሆን ቃጭል ሲመረጥ የሚቀድመው ጥያቄ «ድምፁ ምን ያህል ያምራል?» የሚለው አይደለም። የሚቀድመው ጥያቄ «ዝም እንዲል ሲያስፈልግ ማን ያወርደዋል?» የሚለው ነው። ይህን ጥያቄ የመለሰ ሰው የቀረውን ለጆሮው ቢተው አይሳሳትም።