«እግዜር ይስጥህ» ስለ ማለት

በቋንቋችን የእግዚአብሔር ስም የማይገባበት ጉዳይ የለም። ሲነጋ ደኅና ማደራችንን ስንጠየቅ የምንመልሰው በእርሱ ስም ነው፤ መንገደኛውን የምንሸኘው፣ የሞተበትን የምናጽናናው በእርሱ ስም ነው። የምናውቀው ሰው አይቶን እንዳላየ ሆኖ ቢያልፍ «የእግዜርን ሰላምታ ነሣኝ» ብለን እናዝናለን። ይህን አነጋገር ልብ ብሎ ለተመለከተው ትልቅ ነገር ይገኝበታል። ሰላምታው የሰውዬው አይደለም፤ እርሱ አደራ አድራሽ ብቻ ነበር ማለት ነው። ከደጅ የቆመው መንገደኛም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል እንጂ ስሙንና አገሩን አስቀድሞ አይናገርም።

ከነዚህ አነጋገሮች መካከል አንዱ ዘወትር ያሳስበኛል፤ ይኸውም «እግዜር ይስጥህ» የሚለው ነው። ቃሉ ሁለት ሥራ አለው። ለማኝ ምጽዋት ሲቀበል ሰጪውን «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ይመርቀዋል። ምጽዋት የሚነፍገውም ሰው በዚያው ቃል «እግዜር ይስጥህ» ብሎ ለማኙን ያሰናብተዋል። ከተቀማጩ አፍ ሲወጣ ምርቃት የሆነው፣ ከአላፊው አፍ ሲወጣ መከልከያ ይሆናል።

ቃሉን አልነቅፍም። ከስድብና ከግልምጫ ይሻላል፤ ደግሞም ተናጋሪው ሳያስበው እንጀራ ከእግዚአብሔር እጅ እንደሚመጣ ይመሰክርበታል። ነገር ግን እግዚአብሔር የሚሰጠው በማን እጅ ነው? መና ከሰማይ የወረደበት ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የሚሰጠው በሰው እጅ ነው። እጁን ከኪሱ ሳያወጣ «እግዜር ይስጥህ» የሚል ሰው መልእክቱ የተላከው ወደ እርሱ መሆኑን ረስቶ ለላኪው መልሶ ይልከዋል።

በማቴዎስ ወንጌል በ25ኛው ምዕራፍ ጌታችን ስለ ፍርድ ቀን ሲያስተምር የተራበውን፣ የተጠማውን፣ እንግዳውን፣ የታረዘውን፣ የታመመውንና የታሰረውን ከራሱ ጋር አንድ አድርጎ ይቈጥራል። ይህን ሁላችንም እናውቀዋለን። ብዙ ጊዜ ሲነገር የማልሰማው ግን ጻድቃኑም እንደ ኃጥኣኑ መገረማቸው ነው። ሁለቱም ወገኖች ጌታን መቼ እንዳዩት ይጠይቃሉ። ለነፈጉት ብቻ ሳይሆን ላበሉትም አልታወቀም ነበር። ያበሉት ሰዎች ያዩት አንድ የተራበ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱንም አበሉት። እግዚአብሔር በአጠገባችን መሆኑ እንዲሰማን መጸለያችን መልካም ነው። ስሜቱ እስኪመጣ እጃችንን አጥፈን የምንቆይ ከሆነ ግን ከነዚያ ጻድቃን የበለጠ ምልክት እየጠየቅን ነው። በስሙ የሚጠራ ቅዳሴ ያለን ዮሐንስ አፈ ወርቅም ይህንኑ ወንጌል ሲተረጕም፣ ቤተ መቅደሱን በሐር እያስጌጡ በደጁ የታረዘውን ማለፍ የማይገባ መሆኑን አስተምሯል።

ከዘመናችን ሰዎች የወይዘሮ አበበች ጎበናን ነገር አስባለሁ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ለመሳለም ወደ ወሎ ሄዱ። በዚያም ረኃብ የጣለውን ሕዝብ አገኙ፤ የሞተች እናት ጡት ላይ የተለጠፈ ሕፃንም አዩ። የያዙትን ዳቦና ጠበል አካፈሉ፤ ወደ አዲስ አበባም ሁለት ሕፃናት ይዘው ተመለሱ። የልጆቹ ቍጥር እየጨመረ ሲሄድ ባለቤታቸው ስላልተስማሙ፣ ቤታቸውንና ትዳራቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር መኖርን መረጡ። በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስም በዚሁ ሥራ ጸኑ። በረከት ፍለጋ የወጡት ከመንገድ ዳር አገኙት፤ ዋጋውም ቀላል አልነበረም።

ከእኛ መካከል ብዙው ይህን ያህል አይጠየቅም። የሚጠየቀው ጧት ወደ ሥራ ሲሄድ በሚያልፍባት መንገድ ላይ ነው። እዚህ ላይ ሁለት መከራከሪያ ይነሣል። አንደኛው፣ ከለማኞቹ አንዳንዱ አታላይ ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ አንዳንዱ ያታልላል። ነገር ግን በአምስት ብር የሚያታልለንን ለመያዝ የምናሳየውን ትጋት፣ በብዙ ሺህ ለሚያታልሉን ለባለ ከረባቶቹ አናሳይም። ሁለተኛው ከባድ ነው፤ ለሁሉ አይዳረስም። እኔም ለሁሉ አልሰጥም፤ አልችልምም።

ስለዚህ ስከለክል በራሴ ስም መከልከልን መረጥሁ። ቆም ብዬ ፊቱን አይቼ «ዛሬ አልያዝሁም» ወይም «ዛሬ አልሰጥህም» እላለሁ። ይህ መልስ ለአፍ እንዴት እንደሚከብድ የሞከረው ያውቀዋል። በእግዜር ስም ስከለክል ቀልሎኝ እሄድ ነበር፤ በራሴ ስም ስከለክል ግን ሰውየው እስከ ቢሮዬ ድረስ አብሮኝ ይመጣል። ብዙ ቀንም ከደረጃው ላይ መልሶኛል።

ደግሞም የቆመ ሰው መነጋገሩ አይቀርም። ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥር የሚቀመጡ ሽማግሌ አሉ። ድንጋይ ጠራቢ እንደ ነበሩ፣ ዓይናቸውን የጎዳው የድንጋይ ፍንጣሪ እንደ ሆነ፣ ቡና ያለ ጨው እንደማይጠጡ ያወቅሁት ብዙውን ጊዜ ባዶ እጄን ስቆም ነው። ባለፈው ክረምት ጉንፋን ይዞኝ ሦስት ቀን ከቤት ሳልወጣ ቀረሁ። በአራተኛው ቀን ኮቴዬን ሰምተው ቀና አሉና፣ እጃቸውን ሳይዘረጉ፣ «ልጄ፣ ምነው ጠፋህብኝ? አሞህ ነበር?» አሉኝ።