የመንገድ ቀለምና የሾፌር ኅሊና

መንገድ ሁለት ዓይነት ባለቤት አለው፤ አንዱ የሚያልፍበት፥ ሁለተኛው የሚኖርበት ነው። የሚያልፈው ሰው መንገዱን በሰዓት ይለካዋል፤ የሚኖርበት ግን በልጆቹ ደኅንነት ይለካዋል። ሁለቱም መብት አላቸው። ዳሩ ግን የሁለቱ ጥቅም በተጋጨ ጊዜ ማን ለማን ሊዘገይ ይገባዋል የሚለው ጥያቄ የመሐንዲስና የትራፊክ ፖሊስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ ወደ አዲስ ዓለም ያሠሩት መንገድ በኢትዮጵያ ከተሠሩት የመጀመሪያ ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። እንግሊዛዊው ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል ለንጉሠ ነገሥቱ ባመጣ ጊዜ፥ በሀገሩ ሌላ አውቶሞቢል አልነበረም። ዛሬ በዚያው አቅጣጫ ካሚዮኑ፥ አውቶቡሱና ሚኒባሱ ሆለታን፥ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን እየሰነጠቀ ወደ አምቦ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ነቀምቴ ይሄዳል። በጊንጪ አቅራቢያ ጥድ፥ ዝግባና ወይራ የሚበቅልበት የጭልሞ ደን አለ። ከደኑ ዳር ካሉት መንደሮች አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ የሚወርደው ሰው አስፋልቱ ዘንድ ሲደርስ፥ በእግር ከሚለካ ዓለም ወጥቶ በሞተር ወደሚለካ ዓለም ይገባል። የአህያን ርምጃ ሲመዝን የኖረ ዓይን የካሚዮንን ሩጫ ለመመዝን ይቸገራል። ሾፌሩ ግን የመኪናውን ፍጥነት ያውቃል። ስለዚህ የሚያውቀው ለማያውቀው ሊጠነቀቅለት ይገባል።

በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በ60 የሚሄደው ግን ከ16 ሜትር በላይ ያልፋል። ሾፌሩ አደጋውን አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪያደርስ ድረስ ይህን ያህል መንገድ አለቀ ማለት ነው። ደግሞም ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን መኪናው ይዞት የሚመጣው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። በሌላ በኩል የመዘግየት ዋጋ ቢታሰብ፥ አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም መንደር በ60 በአንድ ደቂቃ፥ በ30 በሁለት ደቂቃ ይታለፋል። እንግዲህ መንደሩ ከእንግዳው የሚለምነው አንድ ደቂቃ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ነገር ግን የፈሰሰ እህል ይለቀማል እንጂ የፈሰሰ ደም አይለቀምም።

ይህ ሁሉ የታወቀ ሆኖ ሳለ፥ በየመንገዱ የሚታየው ሌላ ነው። ፍጥነት ቀንስ የሚለውን ጽሕፈት አይቶ የማይዘገይ ሾፌር፥ በመንገዱ ላይ ጉብታ ባየ ጊዜ ወዲያው ፍሬን ይይዛል፤ ጉብታው ባሌስትራውን ይሰብርበታልና። ለልጅ ያልዘገየ ሰው ለብረት ዘገየ። ይህም የሚሆነው ሾፌሩ ልጁን ስለ ጠላ አይደለም። ጉብታው በፊቱ አለ፥ ልጁ ግን ሊመጣ ይችል ይሆናል እንጂ ገና አልመጣም። የሰው ልብ ከሚያስበው ይልቅ የሚያየውን ይፈራል።

ይህን የሰው ጠባይ የተረዱ ሰዎች በልዩ ልዩ ሀገር መንገዱን በቀለም ማናገር ጀመሩ። በአይስላንድ ሀገር ኢሳፍዮርዱር በሚባል ከተማ በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 የእግረኛ መሻገሪያው ከመሬት ተነሥቶ የተንሳፈፈ እስኪመስል ድረስ ተሣለ፤ በህንድ ሀገርም በአህመዳባድ ከተማ እንዲሁ ያለ ሥዕል ተሠርቷል። በእንግሊዝ ሀገር ደግሞ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአደባባዮች መግቢያ ላይ አግድም መስመሮች ተቀብተዋል፤ መስመሮቹ ወደ አደባባዩ በቀረቡ መጠን እየተጠጋጉ ስለሚሄዱ፥ ሾፌሩ ፍጥነቱ የጨመረ ይመስለውና ይቀንሳል።

እንግዲህ ለመልካም ነገር ሲባል ዓይንን ማታለል ይገባልን? ይገባል የሚሉ ሰዎች፥ ሐኪም መራራውን መድኃኒት በማር ለውሶ ይሰጥ የለምን ብለው ይከራከራሉ። ነገር ግን በማሩ ውስጥ ያለው እውነተኛ መድኃኒት ነው፤ በቀለሙ ውስጥ ግን ጉብታ የለም። ሾፌሩ በመጀመሪያው ቀን ይደነግጣል፥ በሁለተኛው ያውቀዋል፥ በሦስተኛው ይንቀዋል። ከዚህም የሚብሰው፥ እውነተኛ ነገር በፊቱ በቆመ ጊዜ ይህም ሥዕል ነው ብሎ እንዳያልፍ ያሰጋል። አንድ ጊዜ የዋሸ ምልክት የሌሎቹን ምልክቶች መታመን ይዞባቸው ይጠፋል።

ስለዚህ የሚያታልለውን ምልክት ከሚያነቃው ምልክት መለየት ይገባል። እየተጠጋጉ የሚሄዱት መስመሮች የሌለ ነገር አለ አይሉም፤ በሰፊው መንገድ ብዙ ከመሄዱ የተነሣ የፍጥነቱን ስሜት ያጣውን ሾፌር ያነቁታል እንጂ። በአዲስ አበባም በ2010 ዓ.ም. አካባቢ በለገሃር መገናኛ መንገድ ላይ ተቀብቶ የነበረው ቀለም እንደዚሁ ነው፤ ለመኪና የተተወውን ባዶ ስፍራ ለእግረኛ ከፍሎ፥ ይህ የሰው ስፍራ ነው ብሎ እውነቱን ተናገረ። እውነተኛውም ጉብታ ከሐሰተኛው ሥዕል ይሻላል፤ ቃሉን የማይጠብቀውን ሰው ቢያንገጫግጨውም አልዋሸውምና።

ዳሩ ግን አንድ ሰው፥ በጉብታ ተገድዶ የዘገየ ሾፌር ምን ምስጋና አለው? ግዴታ በጎነትን አያጠፋምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። እውነት ነው፥ ምስጋና የለውም። ነገር ግን ጉብታው የተሠራው ለሾፌሩ ምስጋና ሳይሆን ለልጁ ሕይወት ነው። ሾፌሩ በጎነትን እስኪማር ድረስ የመንደሩ ልጅ መማሪያው ሊሆን አይገባም። የኦሪት ሕግ አዲስ ቤት የሠራ ሰው ከላይ ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ ያዘዘው ስለዚህ ነው፤ የሰው መጠንቀቅ ብቻ ይበቃል አላለም። መከታ ሳይሠራ የቀረውንም ከደም ዕዳ ነጻ አላደረገውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም በ543ኛው አንቀጽ ሳያስብ በቸልተኝነት ሰው የገደለውን ይቀጣል፤ ልገድል አልፈለግሁም ማለት ብቻውን አያድንም።

እንግዲህ መንገድ ሠሪው ለመንደሩ መከታ፥ ለሾፌሩም እውነት አለበት። የሾፌሩ ድርሻ ግን ከዚህ በኋላ ይጀምራል። ክረምት በመጣ ጊዜ ጭቃ መስመሩን ይሸፍነዋል፥ ጎርፍና ጎማ ቀለሙን ይፍቁታል፤ በጨለማ የጽሕፈቱ ሰሌዳ አይነበብም። በዚያን ጊዜ ወደ ጊንጪ የሚገባ ሾፌር ምንም ምልክት ሳያይ፥ ከጭልሞ በኩል አንዲት ሴት ሸክሟን ይዛ ትሻገር ይሆናል ብሎ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቢያነሣ፥ መስመሩ በልቡ ተሥሏል ማለት ነው። ሴትየዋ ማን እንደ ዘገየላት አታውቅም፤ ቤቷ ግን በሰላም ትገባለች።