ይቅርታና ደለል

በወጣቶች የጥናት ሰዓታችን አንዲት እኅት፣ «እግዚአብሔር ይቅር ካለኝ በኋላ የሠራሁት ነገር የት ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። ነቢዩ ሚክያስ በ7፥19 ላይ የጌታን ይቅርታ ከባሕር ጥልቅ ጋር ያያይዘዋል። ታዲያ ወደ ባሕር ጥልቅ የወረደ ነገር ምን ይሆናል?

እኛ ቀጨኔዎች ከባሕር ሩቅ ነን። ነገር ግን ከበላያችን ያለው እንጦጦ ዝናቡን ለሁለት ይከፍለዋል። በእኛ በኩል የወረደው በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል፤ በሰሜን በኩል የወረደው ዐባይን ይቀላቀላል። ዐባይ ከደጋችን ያጠበውን አፈር ለብዙ ሺህ ዘመናት ሜዲትራኒያን አድርሷል፤ አብዛኛው አፈር መንገድ ላይ መቅረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 የተጠናቀቀው የአስዋን ግድብ ከተሠራ ወዲህ ነው። ያ ደለል ከግብፅ ዳርቻ ወዲያ፣ በጥልቁ ወለል ላይ እንደ ተከፈተ ማራገቢያ ተዘርግቶ ተከምሯል።

በሰሜኑ ዓለም ደግሞ ይህን ሥራ የሠራው በረዶ ነው። በበረዶ ዘመን ግዙፍ ግግር በረዶ ከሥሩ ያለውን ዐለት እየፈጨ፣ ጭቃውን ጥልቁ ባሕር እስከሚጀምርበት አፋፍ ይጎትት ነበር። ጭቃው ከዚያ እየተናደ ቁልቁል ይወርዳል። በኖርዌይና በስቫልባርድ መካከል ካለው ባሕር አፋፍ በታች እንዲህ የተሠራ ትልቅ ክምር አለ። በረዶው ከቀለጠ ከ10 ሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ክምሩ ግን ዛሬም እዚያው ነው።

ልጅ ሳለሁ፣ እናቷ ጀበናና ድስት እየሠሩ የሚሸጡ የክፍል ጓደኛ ነበረችኝ። ሌሎች «ቡዳ» እያሉ ሲሰድቧት እኔም አብሬ ሰድቤያታለሁ፤ ያውም አንድ ቀን ብቻ አይደለም። ጌታን ከተቀበልኩ በኋላ ንስሐ ገባሁ። ወደ እርሷ ለመሄድ ግን ዓመታት ፈጀብኝ።

«እኔማ ድሮ ይቅር ብዬሃለሁ» አለችኝ። «ልጄን ግን ጭቃ እንዳትነካ አድርጌ ነው ያሳደግኋት።»

ውድ ወጣቶች፣ በጌታ ፊት በደሌ አይቆጠርብኝም፤ ይህን ያለ ጥርጥር አምናለሁ። ቃሌ በእርሷ ቤት የተወው ደለል ግን አለ። የእናቷ ሙያ ለልጅ ልጅ አልደረሰም። ይቅርታ ዕዳውን ይሰርዛል እንጂ ያስከተለውን ሁሉ እንዳልነበረ አያደርገውም። ዘኬዎስም የቀማውን ለመመለስ የተነሣው ጌታ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው።

ገበሬ እርከን የሚሠራው የሄደውን አፈር ለመመለስ ሳይሆን የቀረው እንዳይሄድ ነው። ስለዚህ ያ ስድብ ዛሬ በሰፈራችን ሲነሣ ዝም አልልም።

በቡድናችሁ ተወያዩበት፦ ይቅር የተባላችሁበት፣ ነገር ግን ገና ያልሄዳችሁበት ቤት አለ?