ቀለሙ ከጠፋ በኋላ

ጭድ ተራ፣ ከአንድ መደብር ደጅ የማቅለሚያ እጣቢ ቀይ ሆኖ በቦዩ ሲወርድ አይቼ አንድ ጥያቄ ያዘኝ፤ ያስከፋኝ መርዙ ነው ወይስ ማየቴ?

ሆንዳና ፉጂሺማ የተባሉ ጃፓናውያን እ.ኤ.አ. በ1972 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በብርሃን ኃይል ውኃን እንደሚከፍል አሳተሙ። የግድግዳ ቀለማችንን የሚያነጣው ይኸው ዱቄት አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ማቅለሚያንም ይሰባብራል። ፀሐይ ለማይጠፋበት አገር (ክረምቱን ሳንቆጥር) እንዴት ያለ ምሥራች ነው!

ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ መልክ ጠፋ ማለት መርዝ ጠፋ ማለት አይደለም። አዞ የሚባሉት ማቅለሚያዎች (ከወንዙ አዞ ጋር አይምታታብዎ) ሁለቱ ናይትሮጅኖች የተቆላለፉበት ማሰሪያ ሲበጠስ ይነጣሉ። ሥራው እስከ መጨረሻ ካልዘለቀ ግን ስብርባሪው ይቀራል፤ አንዳንዱም ከማቅለሚያው የባሰ መርዝ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው ውኃ ኩልል ብሎ አቃቂ ወንዝ ይገባል። በዳርቻው ጎመንና ሰላጣ የሚያጠጣው ገበሬ ቀዩን ቢያይ መስኖውን ሊዘጋ ይችል ነበር፤ ጥርት ያለውን በምን ይጠርጥር?

ስለዚህ ቀለሙን አንጥቶ ምርመራውን ከሚተው ሰው፣ ቀዩን እንዳለ የሚለቀው ይሻለኛል። ሁለቱም በዳዮች ናቸው፤ ይኸኛው ግን ቢያንስ ለተበዳዩ ምልክት ትቶለታል።

«ታዲያ ቀዩ ይውረድ?» አለኝ አንድ ወዳጄ።

አይውረድ። ብቻ ጎመኑን የሚያጠጣው ሰው በውኃው ውስጥ ምን እንደቀረ ይነገረው።