አንባቢው ቀድሞ ሲያውቅ

የምናብ ዓለም ልብ ወለድ በተከታታይ የሚያነብ ሰው ሦስተኛው ወይም አራተኛው ቅጽ ላይ ሲደርስ «ይህንንማ አውቀዋለሁ» ብሎ መጽሐፉን ከድኖ ቢያስቀምጥ፣ ነገሩ እንደ ተራ መሰልቸት ይታለፋል። ከሰለቸው ሌላ ያንብብ፣ አለቀ። እኔ ግን ቅሬታው ከዚያ የጠለቀ ይመስለኛል። አንባቢውን ያናደደው መጨረሻውን ማወቁ አይደለም፤ ባለታሪኩ ምንም ቢያደርግ ከዚያ መጨረሻ ፈቀቅ ማለት እንደማይችል መረዳቱ ነው። ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። ልዩነታቸውም የሃይማኖት ሊቃውንት ለዘመናት የተከራከሩበት ነው፦ አስቀድሞ የታወቀ ነገር ሁሉ የግድ ይሆናልን?

አሜሪካዊው ዴቪድ ኤዲንግስ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1982 እስከ 1984 «ቤልጋሪያድ»ን በአምስት ቅጽ አሳተመ። ኃይለኛ ዕንቁ ይሰረቃል፤ በእርሻ ቤት ያደገው ጋሪዮን ከሽማግሌው ጠንቋይ ከቤልጋራትና ከልጁ ከፖልጋራ ጋር ሌባውን ፍለጋ ይወጣል፤ በመጨረሻም ቶራክ የተባለውን አምላክ በሰይፍ ይገድላል። ከ1987 እስከ 1991 ደግሞ «ማሎሪዮን» በሌላ አምስት ቅጽ ተከተለ። አሁን የተሰረቀው የጋሪዮን ሕፃን ልጅ ነው። ያው ማሳደድ፣ ጥቂት ሰው የተጨመረበት ያው ጓድ፣ ማን አብሮ መሄድ እንዳለበት የሚያዝ ያው ትንቢት። የሚገርመው ደራሲው ድግግሞሹን አለመደበቁ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ራሳቸው ይህ ሁሉ ከዚህ ቀደም እንደደረሰባቸው ያስተውላሉ፤ ማብራሪያም ይሰጣቸዋል። በአጽናፈ ዓለሙ ላይ በደረሰ አንድ አደጋ የፍጥረት ዓላማ ለሁለት ስለተሰነጠቀ፣ ስንጥቁ እስኪጠገን ድረስ ነገሮች እየዞሩ ይመለሳሉ። ለአንድ ሴራ መደጋገም ሙሉ ሥነ ፍጥረት ሰበብ ሆኖ ቀረበ ማለት ነው! ብልሃቱን አደንቃለሁ፤ ጥፋትን ማመን ግን ጥፋትን ማረም አይደለም። የመጀመሪያዎቹ አምስት ቅጾች ርዕሶች ሁሉ ከቼዝ ጨዋታ የተወሰዱ መሆናቸውም ያለ ነገር አይመስለኝም። ጠጠር በራሷ አትሄድም፤ እጅ ያነሳታል፣ እጅ ያስቀምጣታል።

ሮማዊው ፈላስፋ ቦኤቲዩስ በፈረንጆች አቆጣጠር በ524 ገደማ ሞቱን እየጠበቀ በእስር ቤት ሳለ የጻፈው መጽሐፍ እዚህ ላይ ይረዳናል። የእግዚአብሔር አስቀድሞ ማወቅ የሰውን ፈቃድ አያስርም ይላል፤ አንድ ሰው ሲራመድ ማየታችን እንዲራመድ እንደማያስገድደው ሁሉ። ማወቅ ከእግሩ ጋር የተያያዘ ገመድ አይደለም። ይህ እውነት ከሆነ የአንባቢም ማወቅ ባለታሪኩን አያስረውም። የሚያስረው ሌላ ነገር ነው፦ ድርጊቱ ከሰውየው ማንነት ሳይሆን ካለፈው ቅጽ ንድፍ ሲመነጭ። አርስቶትልም ስለ ድራማ ሲጽፍ ከሁሉ የሚበልጠው ሳይጠበቅ የመጣ፣ ግን አንዱ ከሌላው የተነሣ የሆነ ነገር ነው ማለቱ ወደዚሁ ያመራል። «ከዚህ የተነሣ» የሚለው ሲጠፋ «እንደ ባለፈው» የሚለው ቦታውን ይይዛል።

ሰው ድግግሞሽን ይወዳል የሚል ይኖራል፤ ልክም ነው። ሕፃን «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚቀበለው የሚያውቀውን ተረት ሊሰማ ነው፤ አንድ ቃል ቢቀየርበት ይቆጣል። በሰሙነ ሕማማትም ግብረ ሕማማቱ በየሰዓቱ ሲነበብ ምእመኑ ፍጻሜውን ጠንቅቆ እያወቀ ይሰግዳል፣ ያለቅሳልም። ነገር ግን ተረቱም ሆነ ንባቡ አዲስ ነገር ነኝ አይልም፤ ያንኑ አንዱን ነገር መልሶ ያቀርባል። ተከታይ ቅጽ ግን «ከዚያስ?» ለሚል ጥያቄ መልስ ይዤ መጣሁ ብሎ ነው የሚሸጠው። «ከዚያ» ብሎ ጀምሮ «እንደገና» ሲል ቃሉን አፈረሰ። በዚያ ላይ የመጀመሪያውን ድል ያረክሰዋል፤ ቶራክን መግደል ምን ዋጋ ነበረው፣ ሌላ ባላጋራ በቦታው ሊተካ?

ከበድ የሚለው ሙግት ሌላ ነው። የልብ ወለድ ሰው መቼም ነፃ አይደለም፤ የሚናገረውን ሁሉ ደራሲው ጽፎለታል፤ ታዲያ የማን ነፃነት ተነካ? ይህን ቀለል አድርጎ ማለፍ አይቻልም። ሆኖም ሙግቱ ከበዛ ስለ ሰውም የሚባለው ይኸው ነው፤ የሚያውቀን ፈጣሪ ካለ እኛም የተጻፍን ነን ሊባል ይችላል። ነፃነት ማለት ማንም የማያውቀው መሆን ከሆነ ወዳጅ ያለው ሰው ሁሉ ባሪያ ነው፤ ወዳጅ ምን እንደምናደርግ ቀድሞ ያውቃልና። ከደራሲ የምንጠይቀው እንዳያውቅ አይደለም። የጻፈው ሰው ለሚያደርገው ነገር የራሱ ምክንያት እንዲኖረው ነው።

ማስረጃው እዚያው «ማሎሪዮን» ውስጥ ይገኛል። ዓይኗን በጨርቅ የሸፈነችው ባለ ራእይ ሲራዲስ በመጨረሻው ቅጽ በብርሃንና በጨለማ መካከል እንድትመርጥ ግድ ይሆንባታል፤ የምትመርጠውን ትንቢቶቹም አያውቁትም። መሪዋ፣ ድምፅ የሌለው ቶት፣ ከዚያ በፊት ሞቷል። ብቻዋን ናት፤ መምረጥ አልችልም ብላ ታለቅሳለች። የብርሃኑን ወገን ኤሪዮንድን እንደምትመርጥ ያልገመተ አንባቢ ያለ አይመስለኝም፤ አሥር ቅጽ ሙሉ ሲያጉረመርም የመጣውም ጭምር። ያም ሆኖ ገጹን ዘሎ አያልፍም፤ እጇ ወዴት እንደምትዘረጋ እስኪያይ ድረስ ይጠብቃታል።