ያልተጠየቀ ጉድለት

የምንጃር ጤፍ ሊገዛ አረርቲ ገበያ የወጣ ሰው በጆንያው አፍ ላይ ያለውን አያምንም። ክንዱን እስከ ክርኑ ሰድዶ ከሥር ዘግኖ ያወጣል፤ በመዳፉ አሽቶ፣ እፍ ብሎ፣ አፈርና ገለባውን ያያል። ያው ሰው አሮጌ ቤት ሊገዛ ሲሄድ ግን ቀለሙን አይቶ፣ ቡናውን ጠጥቶ፣ ቀብድ ከፍሎ ይመለሳል።

አንድ ወዳጄ እዚያው አረርቲ ያረጀ የጭቃ ቤት ሊገዛ ከተስማማ በኋላ፣ ከመፈራረሙ በፊት ግንበኛ ይዞ ሄደ። ግንበኛው ቁም ሣጥኑን አስነስቶ ከጀርባው ያለውን አዲስ ልስን ሲያንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠ። ቀርፎ ቢያየው ማገሩን ምስጥ ጨርሶት እንደ ዱቄት ይፈሳል። ሻጩ በሰፈሩ የተከበሩ፣ ሶላታቸውን የማያጓድሉ አዛውንት ሐጂ ናቸው። ነገሩ ሲነሳባቸው «አልዋሸሁም፤ መቼ ጠየቀኝ?» አሉ።

ውድ አንባቢያን፣ ያልተጠየቁትን አለመናገር ከማታለል ይቆጠራልን?

ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ እህል ክምር አስገብተው ከሥሩ እርጥበት ማግኘታቸውን የሚተርክ ሐዲስ በሙስሊም ተዘግቧል። ባለ እህሉ ዝናብ እንደነካው ሲያስረዳ፣ ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ሰው ከእርሳቸው ወገን አለመሆኑንም ነገሩት። ልብ እንበል፤ ሰውዬው አንዲት የሐሰት ቃል አልተናገረም፣ ዝናቡንም እርሱ አላዘነበውም። የተወቀሰው እርጥቡን ከሥር በመተዉ ነው። ሐጂው ደግሞ በላዩ ላይ ለስነውበታል። እንዳይታይ የተሸፈነውን ገዢ በምን ዓይኑ አይቶ ይጠይቅ?

«እንዳለ ነው የሸጥኩት» የሚባለውም ብዙ አያስኬድም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን እንዲህ ያለውን ስምምነት ቢፈቅድም ጉድለቱን በተንኮል ለደበቀ ሻጭ መሸሸጊያ አላደረገውም። ዑለሞች በጉዳዩ ተለያይተዋል፤ የሐነፊ መዝሀብ ከነውር ሁሉ ነፃ ነኝ ብሎ መሸጥን ሲቀበል፣ ሌሎች ሻጩ እያወቀ የሸሸገውን አይጨምርም ይላሉ። ውል መጽናቱና ከአላህ ዘንድ ተጠያቂ አለመሆን ግን ለየቅል ናቸው።

እስካሁን ያልኩት ሻጭን ነው፤ በዚህ ርዕስ ላይ የሚጻፈውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። የወዳጄ ነገር ግን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚህ በኋላ ባለው ነው። ምስጡ እንደተገኘ ደላላው ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ «ቤቱ ሊወድቅ ነው በል፤ ግማሹን ታስቀንሳለህ» አለው። ወዳጄም እንደተባለው አደረገ። ግንበኛው የተናገረው ግን የአንድ ግድግዳ ማገር መበላቱን ነው። የቀረው ስንጥቅ በጥቁር አፈር ላይ የቆመ ቤት የሚያውቀው ነው፤ አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውንም ይዞት ይንቀሳቀሳል።

የባሰው ደግሞ ወዳጄ ቤቱን አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ ማሰቡ ነው። በአገራችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በወረቀት የሚሸጠው ቤቱ ብቻ ነው፤ ዋጋውን የሚወስነው ቦታው እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ለሚፈርስ ቤት ምስጥ ምን ጉዳት አለው?

ገዢ ዕቅዱን ለሻጭ የመንገር ግዴታ አለበት አልልም። የማይጎዳውን ነውር እንደሚጎዳው አድርጎ የአዛውንትን ብቸኛ ቤት ማርከስ ግን ከልስኑ በምን ይለያል? ሐኪም ኢብን ሒዛም ያስተላለፉት ሐዲስ የንግድን በረካ ያሰረው በሻጭም በገዢም እውነተኛነት ነው።

ይህን ስነግረው ወዳጄ ተቆጥቶኝ ሄደ። ከሳምንት በኋላ ግን ተመልሶ «ሐጂ፣ ቤቱን ላፈርሰው ነው» ብሎ ነገራቸው። ሐጂው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉና «ታዲያ ልጄ፣ ግንበኛውን ለምን አመጣኸው?» አሉት። የዋጋውን ነገር እስካሁን እየተነጋገሩበት ነው።